ስለ ቀዳሚነት ክብርና ስለ መዘግየት ዕዳ በጋርዴና የወጣ የፌዝ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ።

በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ራሷን ችላ በምትተዳደረው በጋርዴና ከተማ የሚያድሩ፣ በፌርፋክስ ጎዳና በትንሿ ኢትዮጵያ ግን የሚበሉ ኢትዮጵያውያን፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ዓይነት ቤት እያላቸው አንድ ዓይነት ግብር የማይከፍሉበት ምክንያት ሳይገባቸው ብዙ ዓመት በመኖራቸው፤

የልዩነቱ ምንጭ የቤቱ ስፋት ወይም የባለቤቱ ገቢ ሳይሆን በዋናነት ቤቱ የተገዛበት ቀን መሆኑ በሕግ የጸና ቢሆንም፣ ሕጉ ይህንኑ በአደባባይ ለመናገር ይሉኝታ የያዘው በመሆኑ፤

ከተማዪቱም መንገድ ለመጠገንና ፖሊስ ለመቅጠር የሚያስፈልጋትን ገንዘብ ከቀዳሚው መውሰድ ስለማትችል ከዘግይቶ መጪው፣ ከተከራዩና ከቁማር ጠረጴዛው የምትለቅምበትን አሠራር በጽሑፍ ማስፈር አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

ለቡና የተሰየመው የጋርዴና ሐበሾች ሸንጎ፣ በረካው ከመቀዳቱ በፊት፣ ነባሩን ሕግ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ ይሉኝታውን ብቻ አንሥቶ፣ እንደሚከተለው አውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ «የቀዳሚዎች ክብር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል፤ ዘግይተው የመጡ ሰዎች ግን በቤታቸው ውስጥ ሌላ ስም የማውጣት መብታቸው የተጠበቀ ነው።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፤

ሀ) «የንብረት ግብር» ማለት ሐበሻው «ፕሮፐርቲ ታክስ» የሚለው፣ በመሬትና በሕንፃ ግምት ላይ ተሰልቶ ካውንቲው የሚሰበስበውና ለትምህርት ቤቶች፣ ለራሱ ለካውንቲው፣ ለከተማዪቱና ለልዩ ልዩ አገልግሎት ሰጪ አካላት የሚያከፋፍለው ዓመታዊ ግብር ነው፤

ለ) «የግብር ግምት» ማለት ቤቱ ዛሬ ገበያ ቢወጣ የሚያወጣው ዋጋ ሳይሆን፣ በተገዛ ጊዜ ያወጣው ዋጋ በዓመት ከ2 በመቶ የማይበልጥ ጭማሪ እየተደረገበት የሚዘልቅ፣ የገበያውን ወሬ የማይሰማ ቁጥር ነው፤

ሐ) «ቀዳሚ» ማለት የቤት ዋጋ ሳይንር የገዛ ሰው ነው፤

መ) «ዘግይቶ መጪ» ማለት በዲቪ፣ በጥገኝነት ወይም በቤተሰብ ጥሪ መጥቶ፣ ሁለት ሥራ ሠርቶና እቁብ ጥሎ ቅድመ ክፍያውን ያሟላ፣ ቤቱን በገዛ ማግሥትም ቀዳሚው ያልከፈለውን የሚከፍል ሰው ነው።

አንቀጽ 3፤ የቀዳሚነት መብት

የካሊፎርኒያ መራጮች እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1978፣ ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን ያቀረቡትን «ፕሮፖዚሽን 13» የተባለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወደ ሁለት ሦስተኛ በሚጠጋ ድምፅ ሲያጸድቁ፣ መራጩ ራሱ ለሚፈቅደው ዕዳ የሚጨመረው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ግብሩን በግምቱ 1 በመቶ ገድበው፣ የነባር ቤቶችን ግምት ወደ 1975 ዋጋ መልሰው፣ ቤቱ ባለቤት እስኪለውጥ ወይም አዲስ ግንባታ እስኪታከልበት ድረስ ገበያው እንዳይደርስበት አድርገዋል። የሐሳቡ መነሻ በዋጋ ንረት ዘመን ጡረተኛው በግብር ዕዳ ከቤቱ እንዳይወጣ መጠበቅ ሲሆን፣ ጥበቃው ግን ጡረተኛውን ከባለጸጋው፣ መኖሪያ ቤቱንም ከሆቴሉ ሳይለይ ለሁሉም ደርሷል።

ለማሳያ ያህል፣ በ1978 በ60,000 ዶላር የተገዛ ቤት በ2025 ግምቱ ቢበዛ ወደ 152,000 ዶላር ስለሚደርስ መሠረታዊ ግብሩ ከ1,520 ዶላር ገደማ አያልፍም፤ አጥር የሚጋራውና በ2025 በ800,000 ዶላር የተገዛ መንትያው ግን 8,000 ዶላር ይከፍላል፤ ሌባ ሲመጣ ሁለቱም የሚጠሩት ፖሊስ አንድ ነው።

አንቀጽ 4፤ ስለ አቤቱታ

ከትንሿ ኢትዮጵያ ብዙ በማይርቀው በባልድዊን ሂልስ ሰፈር በ1988 በ170,000 ዶላር ቤት የገዛችው ስቴፋኒ ኖርድሊንገር፣ ተመሳሳይ ቤት ቀድመው ከገዙ ጎረቤቶቿ አምስት እጥፍ ገደማ ግብር እንደተጣለባት ተረድታ ብትከስም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 በ8 ለ1 ድምፅ ልዩነቱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲል ወስኗል፤ ከሰጣቸው ምክንያቶችም አንዱ፣ አዲስ ገዢ ግብሩን አስቀድሞ አውቆ ቤቱን ሊተወው ሲችል ነባሩ ግን አንዴ ገብቶበታልና መሸሻ የለውም የሚል ነበር። ስለሆነም ዘግይቶ መጪ በጎረቤቱ ግብር ላይ የሚያቀርበው አቤቱታ የሚስተናገደው በቡና ሰዓት ብቻ ይሆናል።

አንቀጽ 5፤ ነጻነት ስለሚባለውና ስለማይባለው

ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት የሚሰጠው የግብር ነጻነት፣ ከግምቱ ላይ 7,000 ዶላር ቀንሶ በዓመት ወደ 70 ዶላር የሚያተርፍ መብት ሲሆን፣ ቁጥሩ የቤት ዋጋ በአሥር ሺዎች ይቆጠር ከነበረበት ከ1970ዎቹ ወዲህ አልተነካም። ፎርሙን እስከ ፌብሩዋሪ 15 ያስገባ ሙሉውን፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ዲሴምበር 10 ያስገባ ደግሞ 80 በመቶውን ያገኛል፤ ካውንቲው በነጻ የሚቀበለውን ይህንኑ ፎርም «እኛ እንሙላልዎ፣ ክፍያ ላኩ» የሚል፣ የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤ የደረሰው ሰውም ደብዳቤውን ለከሰል ማቀጣጠያ እንዲያውለው ተፈቅዷል።

ስቴቱ በዚህ ነጻነት የሚቀረውን ገቢ ስለሚተካ ከተማዪቱ በ70 ዶላሩ አትጎዳም። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ለአምልኮ ብቻ ለሚጠቀሙበት ንብረት የሚሰጣቸው ነጻነት በሕጉ ተዘርዝሮ ይታወቃል። በማናቸውም የነጻነት ዝርዝር ውስጥ የማይገኘው፣ በአንቀጽ 3 ማሳያ የቀዳሚውና የመንትያው ግብር ልዩነት የሆነው 6,480 ዶላር ግን፣ ማመልከቻ የማይጠየቅበት፣ ገቢ የማይመረመርበት፣ ማንም ለከተማዪቱ የማይተካላት ትልቁ ነጻነት ነው።

አንቀጽ 6፤ ስለ ተከራይ

ተከራይ «አህያ የለኝም፣ ከጅብ አልጣላም» ብሎ ከዚህ አዋጅ ሊያመልጥ አይችልም፤ የባለንብረቱ ግብር ገበያው በፈቀደ መጠን በኪራዩ ውስጥ ይገባልና። ስቴቱ በበኩሉ ገቢው ከወሰኑ ለማያልፍ ተከራይ ከገቢ ግብሩ ላይ 60 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 120 ዶላር ይቀንስለታል። ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ደግሞ የሕንፃውን ግብር፣ መድንና ጥገና ተከራዩ እንዲሸፍን በሚያስገድድ ውል ከፈረመ፣ ሕንፃው በተሸጠ ጊዜ ግምቱ ሲያሻቅብ ጭማሪው ለባለሕንፃው ሳይሆን ለእርሱ ይደርሰዋል፤ እርሱም በሽሮው ዋጋ ላይ እንዲያሳርፈው ይገደዳል።

አንቀጽ 7፤ ስለ ውርስና ስም ስለ ማዋስ

በ2020 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 19፣ ወላጅ የኖረበትን ቤት የወረሰ ልጅ የወላጁን ዝቅተኛ ግምት በተወሰነ መጠን ይዞ የሚቀጥለው ራሱ ገብቶ ሲኖርበትና በአንድ ዓመት ውስጥ ከላይ የተናቀውን የ70 ዶላር ፎርም ሲያስገባ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል፤ አከራይቶት ቨርጂኒያ የሚኖር ልጅ ግን ከፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 ወዲህ ለወረሰው ቤት እንደ ማንኛውም ዘግይቶ መጪ ይቆጠራል። ይኸው ሕግ ዕድሜው 55 የሞላ ባለቤት ዝቅተኛ ግምቱን በስቴቱ ውስጥ ወደሚገዛው ሌላ ቤት እስከ ሦስት ጊዜ ይዞ እንዲሄድ ስለሚፈቅድ፣ በፓስፖርት ላይ ዕድሜ ያስቀነሱ ሰዎች የሚጸጸቱበት ቀን ደርሷል።

ክሬዲቱ ባማረለት ወንድም ስም ቤት ተገዝቶ ከዓመታት በኋላ ለእውነተኛው ባለቤት ሲዛወር፣ ወንድማማችነት በሕጉ ከተቆጠሩት ዝምድናዎች ውስጥ ስላልገባ፣ ዝውውሩ ግምቱን እንደገና ሊያስነሣ ይችላል። ሳንታ ሞኒካ የሚገኘው ፌርሞንት ሚራማር ሆቴል ግን በ2006 ሲሸጥ፣ ከገዢዎቹ ማንም ከግማሽ በላይ ድርሻ እንዳይዝ ተደርጎ ስለተከፋፈለ፣ በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2014 ለግብር ሲባል ባለቤት እንዳልለወጠ ተቆጥሯል፤ ለወንድማማቾች የተከለከለው ለሸሪኮች የተፈቀደ መሆኑን ሸንጎው በአድናቆት መዝግቧል።

አንቀጽ 8፤ ስለ ከተማዪቱ ካዝና

ፕሮፖዚሽን 13 በጸደቀ ማግሥት በመላው ካሊፎርኒያ የንብረት ግብር ገቢ ከግማሽ በላይ ስለወደቀ፣ ከተሞች በሽያጭ ግብር፣ በመብራትና ስልክ ላይ በሚጣል ግብርና በልዩ ልዩ ክፍያዎች ለመኖር ተገደዋል። ከ1936 ጀምሮ የካርታ ቁማር ቤቶችን የፈቀደችውና ለአሥርተ ዓመታት የፖከር መዲና የተባለችው ጋርዴና ለዚህ ቀድማ የተዘጋጀች ብትመስልም፣ በ1980 የቤል ከተማም የቁማር ቤት በመፍቀዷ ብቸኛ ገበያዋን አጥታለች፤ ዛሬም ቢሆን ከቀዳሚው የማይገኘው ሳንቲም በከፊል ከካሲኖዎቿ ይጠበቃል።

የሽያጭ ግብር የአካባቢ ድርሻም የሚሄደው ሽያጩ ወደተፈጸመበት ከተማ ነው፤ በመሆኑም የጋርዴና ነዋሪ ከፌርፋክስ የገዛውን ክትፎ አስጠቅልሎ ቤቱ ቢበላው እንኳ፣ ድርሻው የሎስ አንጀለስን መንገድ ሲጠግን ይኖራል።

አንቀጽ 9፤ ከሀገር ቤት ሕግ ጋር ስላለው ዝምድና

መሬት የመንግሥት በሆነበት በአዲስ አበባም፣ በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የተመሠረተው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ለአሥርተ ዓመታት ከኑሮ ውድነቱ ጀርባ ቆይቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ተመኑ ከፍ ሲል ብዙ ባለቤቶችን አስደንግጧል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ ወጥቷል። ልዩነቱ፣ በዚያ የቆየ ግምት ሲነቃ ሁሉም ባንድነት ሲጮህ፣ በጋርዴና ግን በየቤቱ ሽያጭ ተራ በተራ ስለሚነቃ የሚጮኸው ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

አንቀጽ 10፤ ስለ ክፍያና ቅጣት

ግብሩ በሁለት ይከፈላል፤ የኖቬምበሩ እስከ ዲሴምበር 10፣ የፌብሩዋሪው እስከ ኤፕሪል 10 ካልተከፈለ 10 በመቶ ቅጣት የሚጨመር ሲሆን፣ ኤፕሪል 10 አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ስለሚውል ባለቤቱ ሁለቱን ባንድነት እንዲጾም ይፈቀድለታል። አዲስ ገዢ በቀድሞውና በአዲሱ ግምት መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስከፍል ተጨማሪ ሂሳብ በፖስታ ሲደርሰው፣ «ባንኩ በሞርጌጁ ውስጥ ይከፍልልኛል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቢከተው፣ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይከፍለው፣ ቅጣቱ በራሱ ላይ ይሆናል።

አንቀጽ 11፤ ስለ መሻሻልና ስለሚጸናበት ጊዜ

ሕጉ የሚሻሻለው በስቴቱ መራጮች ድምፅ ብቻ ነው፤ መኖሪያ ቤትን ሳይነካ ትልልቅ የንግድ ሕንፃዎችን ብቻ በገበያ ዋጋ ለመገመት በ2020 የቀረበው ፕሮፖዚሽን 15 እንኳ በ52 ለ48 በመቶ ወድቋል። ግሪን ካርድ ያለው ዘግይቶ መጪ ግብሩን ሙሉ የመክፈል ግዴታ ሲኖርበት፣ ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ ድምፅ የመስጠት መብት የለውም።

ሌላ አዋጅ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በሁሉም ላይ ባንድነት ሲጸና፣ ይህ ግን በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚጸናው ቤቱን በገዛበት ቀን ነው። ሸንጎው ሕጉ ይሻር ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ እጅ ባስወጣ ጊዜ ዘግይተው የመጡት በሙሉ «ይሻር» ብለው እጃቸውን ያነሡ ሲሆን፣ ከመካከላቸው ቤት ከገዙ አሥር ዓመት ያለፋቸው ግን የራሳቸውንና ትናንት የገዛውን ጎረቤታቸውን ግብር አስተያይተው እጃቸውን መልሰው ስላወረዱ፣ አዋጁ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።