ዳገቱ የት ነው?

በእኛ ሰፈር ሰው ሽማግሌ ሳይልክ ቢያገባ ይቅር ይባላል፤ ሳያማክር መኪና ከገዛ ግን ቅያሜው ለዓመታት ይኖራል። ሰፈራችን የምለው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከኦሊምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ደቡብ ሲወረድ ያለውን፣ የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ስም ያወጣለትን አጭር መንገድ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ የመኪና ሞዴል በእኛ አቆጣጠር ሲነገር ሰው ያረጀ ይመስለዋል።) በእግር ከሆነ የበርበሬው ሽታ ሳያልቅ መንገዱ ያልቃል። በመኪና ከሆነ ግን ቀይ መብራቱ አለ፣ አውቶቡሱ አለ፣ ፓርኪንግ የሚያስሰው አለ፣ መሀል መንገድ ቆሞ በመስኮት የዘመድ ጤና የሚጠይቀው አለ። የአክስቴ ልጅ ታዲያ እዚህ መንገድ ላይ የምነዳው መኪና 382 የፈረስ ጉልበት ካልኖረው ሞቼ እገኛለሁ አለ።

አትፍረዱበት። የሌሊት ሺፍት የሚሠራ ነርስ ነው፤ ለእናቱ በየወሩ ይልካል፤ ጾም አያስታጉልም። ያለበት አመል ቁጥር መውደድ ብቻ ነው። ደግሞ አካባቢው ራሱ ያሳስታል። ከእኛ ምግብ ቤቶች በፌርፋክስ ወደ ሰሜን አንድ ማይል ሳይሞላ፣ ዊልሻየር ጥግ ላይ፣ በ1994 የተከፈተው የፒተርሰን የመኪና ሙዚየም አለ። መሥራቹ ሮበርት ፒተርሰን በ1948 «ሆት ሮድ» የተባለውን መጽሔት ጀምሮ የአሜሪካን ወጣት ሞተር ሲያስፈታታ የኖረ ሰው ነው። ልጃችን ከሺፍት ሲወጣ መጀመሪያ ያን ሕንፃ ያልፋል፣ ቀጥሎ እኛ ጋ ቡና ይጠጣል። እንቅልፍ ያልተኛ ሰው ሙዚየምና ቡና ሲደራረብበት የሚያስበውን ማሰብ ነው።

ጉባኤው አንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ተሰየመ። ልጁ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ «ተመልከቱ» አለ። አራት መኪኖች ተሰልፈዋል። ሁሉም ባለ አራት በር፣ ሁሉም ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁሉም ቱርቦ የተጫነላቸው ናቸው፤ ከውጭ ሲያዩዋቸው እናቱን ቤተ ክርስቲያን የሚያመላልስ ጨዋ ልጅ የሚነዳቸው ነው የሚመስሉት። ከጀርመን ቢኤምደብሊው ኤም340አይ፣ 382 ፈረስ። ከዚያው ከጀርመን ኦዲ ኤስ4፣ 349። ከኮሪያ ጄኔሲስ ጂ70፣ 365። ከጃፓን ኢንፊኒቲ ኪው50 ሬድ ስፖርት፣ ድፍን 400።

«በቁጥር ከሆነ ጃፓኑ አሸነፈ፤ ቡናው ይቀዳ» አልኩ።

«ጋሼ፣ ቁም ነገሩ ጉልበቱ መቼ ይመጣል የሚለው ነው» አለኝ። ቢኤምደብሊው ሞተሩ ገና ሁለት ሺህ ዙር ሳይሞላ ሙሉ የመጎተት ኃይሉን ይሰጣል፤ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ የሚወስድበት አራት ሰከንድ ከምናምን ነው።

«ከዚያስ?» አሉ ጋሽ ሹፌሩ።

«ከዚያማ መብራት ይይዘዋል» አለ የሰፈራችን መካኒክ።

ጋሽ ሹፌሩ የምንላቸው ድሮ ከአሰብ አዲስ አበባ በከባድ መኪና የተመላለሱ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አዛውንት ናቸው። ሁሉንም በትዕግሥት ሲያዳምጡ ቆይተው ኢንፊኒቲው ላይ ሲደረስ ግን አላስቻላቸውም። ልጁ በኩራት ሲያስረዳ፣ ይህ መኪና እንደ ምርጫው አንድ ዓይነት መሪ ይገጠምለታል፤ መሪው ከጎማው ጋር የሚነጋገረው በኤሌክትሪክ ነው፤ በብረት የሚያያዙት ያ ሥርዓት ከተበላሸ ብቻ ነው። «እና» አሉ ጋሽ ሹፌሩ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ነጂው መሪውን የሚይዘው እጁ ሥራ እንዳይፈታ ነው?» ኢንፊኒቲ 400 ፈረሱን ይዞ በዚያው ከውድድር ወጣ።

ዋጋ ላይ ስንደርስ የሁላችንንም ታክስ የሚሠራው ሰውዬ ተራውን ወሰደ። በ2020 ሞዴል አዲሱ ቢኤምደብሊው ወደ 54 ሺህ ዶላር፣ ኦዲው ወደ 50 ሺህ፣ ኮሪያው ወደ 45 ሺህ አካባቢ ይጀምሩ ነበር። «ይህ የበሩ ዋጋ ነው» አለ። ውስጥ ሲገባ ኢንሹራንስ አለ። ካሊፎርኒያ ማደያ ውስጥ ውዱን፣ ባለ 91 ኦክቴኑን ቤንዚን እንጂ ሌላ አይቀምሱም። የፊቱና የኋላው ጎማ ስፋቱ ከተለያየ ደግሞ አለቀ ብሎ ቦታ ማቀያየር የለም፤ መግዛት ነው።

«ጄኔሲሱ ለሞተርና ለካምቢዮ የአሥር ዓመት ወይም የ100 ሺህ ማይል ዋስትና አለው» አለ ልጁ፣ ያገኘውን ቀዳዳ ሊጠቀም።

«አዲስ ልትገዛ ነው?»

«ያገለገለ።»

«እንግዲያው የአንተ አይደለም። አሥሩ ዓመት ለመጀመሪያው ባለቤት ነው፤ ሁለተኛው የሚወርሰው አምስት ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይሉን ነው። እሱም መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ኖሯል።» ታክስ ሠሪ ክፉ ነው፤ በትንሹ የተጻፈውን ያነባል።

እዚህ ላይ ነገሩን ወደ ታሪክ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ምኒልክ በፈረሳቸው «አባ ዳኘው» ተባሉ፤ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፤ ኃይለ ሥላሴ «አባ ጠቅል»። እያንዳንዳቸው በአንድ ፈረስ ስም ነው ይህን ሁሉ ክብር ያገኙት። «አንተ 382 ፈረስ ይዘህ ማን ልትባል ነው?» አልኩት።

«አባ ዕዳው!» አለ ታክስ ሠሪው። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

መካኒኩ እስካሁን ከአንዲት ቃል በቀር ዝም ያለው ባለሙያ ስለሆነ ነው። ለእሱ «ይህ ማርካ ጠንካራ ነው፣ ያ ደካማ ነው» ማለት የመሃይም ወሬ ነው፤ መጠየቅ ያለበት የትኛው ሞተር እንደሆነ ነው። ምስክሩ ራሱ ቢኤምደብሊው ነው። በ2007 ሞዴል 335አይ ላይ የመጣው ኤን54፣ ሁለት ቱርቦና 300 ፈረስ ይዞ ዓለምን አስጨበጨበ፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው የነዳጅ ፓምፑ ግን እየከዳ መኪናውን አዳከመ፣ በ2010 ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ ወደ 130 ሺህ የሚጠጉ መኪኖችን መልሶ ጠራ። በኤም340አይ ውስጥ ያለው ቢ58 ደግሞ የዚያው ቤት ልጅ ነው፤ ነገር ግን ብሎኩ ደልቧል፣ ቱርቦው አንድ ሆኗል፣ በጋራዥም ስሙ ጥሩ ነው።

ከዚያ ወደ ወጣትነቱ ተመለሰ። ሱባሩ ኤስቲአይ በ2004 ሞዴል 300 ፈረስ ይዞ አሜሪካ ሲገባ፣ ባላንጣው ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን ከአንድ ዓመት በፊት በ271 ገብቶ ጠብቆታል። ሁለቱ ጥላቸውን የተወጡት ግን ከዚያ በፊት ጎረቤታችን ኬንያ አቧራ ውስጥ ነው፤ የሳፋሪ ራሊን በ1996 ቶሚ ማኪነን በሚትሱቢሺ፣ በ1997 ኮሊን ማክሬ በሱባሩ ወሰዱት። በጽናት ሲመዘኑ ሱባሩው ጉልበቱን ከፍ ላድርግለት ሲሉት ፒስተኑ ቀለበቱ በሚቀመጥበት ቦታ የሚሰነጠቅ ሆነ፤ ኢቮው ቀልጦ በተቀረጸ ብረት ብሎኩ ታገሠ፣ ነገር ግን ፋብሪካው ራሱ ተሰላችቶ ከ2015 ሞዴል በኋላ ተወው። ሱባሩም ኤስቲአይን በ2021 ሞዴል አበቃ። «ስለዚህ» አለ መካኒኩ፣ «ቱርቦን የሚገድለው ያረጀ ዘይት ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ሲሽከረከር የተንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው። ፋብሪካው በአሥር ሺህ ማይል ቀይር ይልሃል፤ ፋብሪካው ሁለተኛ ባለቤት አያውቅም። አንተ በአምስት ሺህ ቀይር።»

«ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ቶዮታ ግዛ!» አልኩ እኔ። ኮሮላዬ ከፊት ለፊታችን ቆማለች፤ ባለ 132 ፈረስ ናት፣ ቱርቦ የላትም፣ ስለ ራሷ መናገርም አትወድም።

ልጁ የጠበቀው ይህን ነበር። «ጋሼ፣ ቶዮታ ራሱ ሱፕራን ሲሠራ ሞተሩን ከየት አመጣው? ይኸው ቢ58 ነው! ቶዮታ ከቢኤምደብሊው ከገዛ እኔን ማን ይከለክለኛል?» እውነቱን ነው፤ በ2019 ከመጣው ሱፕራ ሽፋን ስር ያለው የጀርመን ሞተር ነው። መካኒኩም አላዘነልኝም፤ በ2024 ቶዮታ ራሱ የሠራው ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ6 ሞተር ውስጥ የብረት ፍርፋሪ ቀርቶ ወደ 102 ሺህ ቱንድራና ሌክሰስ መጥራቱን አስታወሰኝ። አንገቴን ደፋሁ። የሃይማኖት ክርክር እንኳ እንዲህ አላሸነፈኝም።

ጋሽ ሹፌሩ ያን ጊዜ ነው ጉሮሯቸውን የጠረጉት። «ጉልበቱንም ሰማሁ፣ ዋጋውንም ሰማሁ» አሉ። «ዳገቱ የት ነው?»

«የቱ ዳገት?»

እሳቸው ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ከአሰብ ባሕር ጠርዝ አስነስተው፣ በሚሌና በኮምቦልቻ አድርገው፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ ሲወጡ የኖሩ ናቸው። ዋሻው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ያ ሞተር ቱርቦ አልነበረውም። ከባሕር ሲነሳ የሚጋልብ መኪና ጣርማ በር ሲደርስ አየር አጥሮት ጥቁር ጭስ እየተፋ ይሳባል፤ ረዳቱ ወርዶ ድንጋይ ይዞ ከጎማው ጎን በእግሩ ይሄዳል። ቱርቦ ማለት የአንጥረኛው ወናፍ ነው፤ አየር ሲሳሳ እየነፋ እሳቱን ያነድዳል፣ የሚነፋውም ራሱ ሞተሩ በሚያወጣው ጭስ ኃይል ነው። የፈጠራ መብቱን በ1905 ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡሺ የስዊስ ሰው ነበር፤ በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሞተር ላይ ቱርቦ ገጥሞ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አውጥቶ ፈተነው። ተራራው 4,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ራስ ዳሽን ይበልጠዋል።

እንግዲህ አስቡት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጣ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ይነጠቅባታል፤ የእኔ ኮሮላ እዚያ ብትሄድ ሠላሳ ያህል ፈረስ ሞቶባት እንጦጦን ልትወጣ ነው። በዚያ አገር ስንኖር ቱርቦ የሌለው አሮጌ ኮሮላ ውስጥ አምስት ሆነን ታጭቀን ዳገት ወጣን። ከባሕር ወለል ብዙም የማይርቅ ሜዳ ላይ ስንሰፍር ቱርቦ አማረን። እኔ ይህን ስናገር ልጁ አዲስ አበባ ያለ ወንድሙን በቪዲዮ ደወለለት፣ ለምስክርነት። ወንድሙ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። መንግሥት በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ሰዉ ወደዚያው ዞሯል። «ዳገቱስ?» አሉት ጋሽ ሹፌሩ። «ኧረ ጋሼ፣ አየር አይተነፍስ፣ ዳገትና ሜዳ አይለይም!» አላቸው። ቱርቦ የሚያስፈልገው አገር በሩን ዘጋበት፤ የማያስፈልገው እኛ ጠረጴዛ ዙሪያ እንጣላለን።

ልጁ ገዛ። ያገለገለ ኤም340አይ፣ ዋስትናው ገና ያላለቀ፣ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ያየው፣ ታክስ ሠሪው ወለዱን የተከራከረበት። ጋሽ ሹፌሩም ጥያቄያቸውን አልተዉም፤ ስለዚህ ቅዳሜ ዳገት ፍለጋ ወጣን። ከላ ካኛዳ ተነስቶ ተራራውን የሚወጣው አንጀለስ ክሬስት መንገድ ከፍተኛ ቦታው ዶሰን ሳድል ይባላል፤ 2,408 ሜትር ነው፤ ማለትም አዲስ አበባ ነው። ጋሽ ሹፌሩ ከልጁ ጋር ገቡ፤ እኔ ድፎ ዳቦውንና የቡናውን ፔርሙስ ጭኜ በኮሮላዬ ተከተልኩ። መከተል ስል በሐሳብ ነው። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ማርሚታቸው እንኳ አልተሰማኝም። ኮሮላ ወደ ላይ እየጮኸች፣ እኔ በእግዚአብሔር ስም እየለመንኳት፣ ብስክሌተኛ በክብር እያሳለፈን ወጣን።

ስደርስ ሁለቱ መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሞተሩ አልጠፋም። ጋሽ ሹፌሩ «ቱርቦ ሲግል በድንገት አይጠፋም፤ ጥቂት ይንፈስ» ብለው አስቀምጠውታል። ልጁ የዛሬ መኪና ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ራሱን ማቀዝቀዝ ያውቃል እያለ ይከራከራል። «መኪናው ይወቅ፤ አንተ ግን ገና አልበረድክም» አሉት።

ዳቦው ተቆረሰ፣ ቡናው ተቀዳ። «በሉ ይፍረዱን» አልኳቸው። «በጉልበት፣ በዋጋ፣ በሞተር ጽናት፣ የቱ ይበልጣል?»

ቁልቁለቱን አዩት፣ ልጁን አዩት፣ ተነስተው የኮሮላዬን በር ከፈቱ። «ዳገቱን በሱ» አሉ ቀበቶ እያሰሩ፣ «ቁልቁለቱን ባንተ። ክፍያውን ግን አባ ዕዳው ብቻውን ይውጣው።»