ለ«ልዩ ልዩ» የቀረበ ምስጋና

በመጨረሻው ጠቅላላ ጉባኤያችን የተነበበልን የሒሳብ ሪፖርት አራት መስመር ነበረው፦ ኳስ፣ ማልያ፣ ትራንስፖርት፣ ልዩ ልዩ። ገንዘብ ያዣችን የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ደፉ፤ ድምፃቸውም ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ለሰስ አለ። «ልዩ ልዩ» ከሦስቱ ድምር ይበልጥ ነበር። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ሻይና ሳምቡሳ ሊቀርብ ነበር፤ እሱም ከ«ልዩ ልዩ» ነው።

የትኛውን ማኅበር እንደማወራ ነገሌ ቦረና ያለ ሰው ሊገምት ይችላል፤ ይገምት። ስም አልጠራም። ብጠራ አንዱን ለይቶ ማማት ይሆንብኛል፤ ከአዶላ እስከ ያቤሎ፣ ከሻኪሶ እስከ ሞያሌ እሑድ ጠዋት ቀይ አቧራ እያስነሳ የሚሯሯጥ የጤና ቡድን የሌለው ከተማ ካለ ይነገረኝ። መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ባለ ሱቁ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ቦርጩን ሊቀንስ ሐኪም የመከረው ሁሉ በየወሩ እያዋጣ ፍየል ሳይገባበት በፊት ሜዳ ይይዛል። መንግሥት አይደጉመንም፤ ድርጅት አይረዳንም። በገዛ ገንዘባችን ነው የምንተነፍሰው።

ስልሳ ሰው በወር 100 ብር ቢያዋጣ በዓመት 72,000 ብር ይሆናል። ይህን ስሌት የማደርገው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው አባል የተከበረ ሰው ነው። በዚህ ሁሉ ብር የተገዛው ኳስ በአንድ ጎኑ ዕባጭ አለበት፤ ወደ ግራ ስትመታው አስቦ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ግን ያለ ጥቅም አልተገዛም። የተከላካይ መስመራችን በእሱ ምክንያት ንቁ ሆኗል፤ ከገዛ ጓደኛህ የተላከልህ ኳስ የት እንደሚያርፍ ካላወቅህ ሁልጊዜ ዝግጁ ነህ።

የማልያው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይገርማል። ደረሰኙ የታለ ብለን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠይቀን ነበር። «ማልያው የመጣው ከሞያሌ ነው» አሉን። «ከሞያሌ የመጣ ዕቃ ላይ ደረሰኝ የሚጠይቀው ጉምሩክ ነው። አንተ ጉምሩክ ነህ?» ጠያቂው ወንድማችን ጉምሩክ አለመሆኑን አምኖ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤው ላይም «ሰፊ ውይይት ተደርጎበት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ሰፈረ።

ኮሚቴያችን ሕግ አያውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 404 ማኅበር ማለት ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ያልተቋቋመ የሰዎች ስብስብ ነው ይላል። የእኛዎቹ ይህን ፊደል በፊደል ጠብቀውታል። መች ተከፋፈሉ? አንድ ቦታ ነው ያስቀመጡት።

ትራንስፖርት ብዬ በቸልታ ማለፍ አልችልም። ዓምና ያቤሎ ሄደን የወዳጅነት ጨዋታ እንድናደርግ ተወሰነ። እንግዲህ ወዳጅነት በድንገት አይመጣምና ሥራ አስፈፃሚው ሜዳውን አስቀድሞ ሊያይ ሄደ። አምስት ሰው ሜዳ ለማየት ሦስት ቀን ፈጀበት፤ ሜዳው ሰፊ ነበር ማለት ነው። ሲመለሱ ሜዳው ጥሩ እንደሆነ፣ ያቤሎዎችም እንግዳ ተቀባይ እንደሆኑ፣ ቡና ቀላ በቅቤ ተጠብሶ እንደቀረበላቸውና በጀቱ እንዳለቀ ነገሩን። ጨዋታው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። እኛ ያቤሎን ባናይም ያቤሎ እኛን አይቷል።

ኦዲት የለም እንዳትሉ። የኦዲት ኮሚቴ አለን፤ ሦስት ናቸው። አንደኛው የገንዘብ ያዡ የሚስት ወንድም ነው፤ ቤተሰብ እርስ በርስ ስለሚተዋወቅ ሥራ ይቀልላል። ሁለተኛው ወደ ሐዋሳ ከተዛወረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ፊርማው ግን አልተዛወረም። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሰነድ አምጡ ብዬ ስጠይቅ ቁልፉ ጸሐፊው ጋ ነው ይሉኛል፤ ጸሐፊው ቁልፉ ሊቀመንበሩ ጋ ነው ይላል፤ ኦቦ ሊቀመንበር ደግሞ «ካቢኔቱ እኮ ቁልፍ የለውም» አሉኝ። ከፈትኩት። ውስጡ ፊሽካ ነበር።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። የእኛዎቹን ይህ ተረት አይነካቸውም፤ አይሻሩማ። መተዳደሪያ ደንባችን የሥራ ዘመኑን ሁለት ዓመት ይለዋል። ኦቦ ሊቀመንበር ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። እስቲ አስቡት፣ ያለነው የት ነው? ቦረናም ጉጂም በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን በሚያስረክቡበት አገር ነው። ቦረናዎች ጉሚ ጋዮ ላይ ተሰብስበው ሕግ ይመረምራሉ፣ መሪን ይገመግማሉ፤ ያጠፋ ካለ ከቦታው ያነሡታል፣ ቃሉም ቡቂሱ ነው፣ መንቀል። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር በመኪና ጥሩንባ ከተማውን አድምቀን ነበር፤ የጥሩንባው ነዳጅ ወጪ የተሸፈነው ከቡድናችን ካዝና መሆኑን ኋላ ነው የሰማነው። አንድ አባ ገዳ ስምንት ዓመት መርቶ ሲወርድ የጤና ቡድን ሊቀመንበር ዘጠነኛውን ከጀመረ፣ ይህ ራሱን የቻለ ቅርስ ነውና ዩኔስኮ በድጋሚ ቢመጣ አይከፋም።

የቱላ ኤላ የሚባለውን የቦረና የውሃ ጉድጓድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከጥልቁ ጉድጓድ ሥር ያለው ጎረምሳ ውሃውን ይቀዳል፣ ከበላዩ ላለው ያቀብላል፣ እሱም ለሚቀጥለው፣ እየዘፈኑ እስከ ገንዳው። ማን በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ ከብቱን እንደሚያጠጣ የሚያውቀው አባ ሄሬጋ ነው። ተራ የዘለለ ይጠየቃል፤ ኤላው ሲናድ ጉልበቱን የነፈገም እንዲሁ። ማህተም የለም፤ ባለ ሦስት ፊርማ የባንክ ሒሳብ የለም፤ ከሥር በኦኮሌ የተቀዳ ውሃ ግን መንገድ ላይ «ልዩ ልዩ» ሆኖ አይቀርም። እኛ የተማርነው ስልሳ ሰዎች፣ ከመካከላችን ሁለቱ የሒሳብ መምህራን የሆኑ፣ ገንዘባችንን ከኪሳችን እስከ ኳሱ ድረስ በአምስት እጅ ብቻ ነው የምናሳልፈው። አይደርስም።

(የገረመኝን ልንገራችሁ። ገንዘብ ያዣችን በሠፈራችን ዕድርም ገንዘብ ያዥ ናቸው። እዚያ ሌላ ሰው ናቸው። ድንኳንና ድስት ሲቆጠር አንድ ጭልፋ ብትጎድል ማታውን አይተኙም። ምስጢሩን ስጠይቃቸው ሳያፍሩ ነገሩኝ፦ «ያ እኮ ሞት ነው፤ ይሄ ጨዋታ ነው።» በኔ ግምት ማኅበራችንን የሚያስተዳድረው ደንብ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። ጨዋታ ነውና ገንዘቡም የጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ነውና ጠያቂው ጨዋታ አያውቅም፤ «ለኳስ ብለህ ሰው ልትከስ ነው?»)

እርግጥ ብቻችንን አይደለንም። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. በ1984 የስፖርት ፌዴሬሽን አቋቁመው በየዓመቱ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ተለያይተው አንዱ ወገን ዳላስ፣ ሌላው ዋሽንግተን ዲሲ፣ በአንድ ሰሞን ሁለት በዓል ደገሱ። ሰው ሁሉ አዘነ፤ እኔ ቀናሁ። ሰው የሚጣላው የሚጣላበት ወረቀት ሲኖረው ነው። ፊፋማ አይነሳ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ባለሥልጣናቱ ዙሪክ ውስጥ ካረፉበት ሆቴል በማለዳ በፖሊስ ተወሰዱ። ያን ዜና ቡና ቤት ሆነን ስናይ ኦቦ ሊቀመንበር በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ፦ «አያችሁ? ሰነድ መያዝ የሚያመጣውን!»

አንድ ነገር ግን ሳልስቅ ልናገር። በ2015 ዓ.ም. ድርቁ ቦረናን ሲያራቁት፣ ከብቱ በየመንገዱ ዳር ሲወድቅ፣ ከወርሃዊው ውጪ ለመኖ አዋጣን። ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ነገር ባለበት አገር ከብቱ ያለቀበትን ሰው መልሶ ማቆም ግዴታ ነውና ማንም አላጉረመረመም። ከመካከላችን አንዱ የአባቱን ላሞች በሙሉ ያጣ ነበር፤ እሱም አዋጣ። ኮሚቴው በመጀመሪያ ባነር አሠራ። ከዚያ መኖውን ሲያደርሱ የሚለብሱት ቲሸርት። ከዚያ ፎቶ አንሺ። በተረፈው ድርቆሽ ተገዛ፤ በአንድ ፒክአፕ ኋላ ላይ ጫኑት፤ ከላዩ ባነሩን አለበሱት፤ ባነሩም ድርቆሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈነው። ላሞቹን ያጣው ወንድማችን ፎቶውን አይቶ ምንም አላለም። የዚያን ወር ብቻ መዋጮ ሳይከፍል ቀረ፤ በደንቡ መሠረት ተቀጣ። ቅጣቱ ገቢ ሆኗል፤ ለእሱ ደረሰኝ ተቆርጧል።

ያን ሰሞን ነው አንድ ሽማግሌ፣ የሜዳችን ዳር ድንጋይ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡ፣ የነገሌን ታሪክ ያስታወሱኝ። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚሁ የሰፈረው ወታደር አምጾ ነበር። የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዳ ተከልክሎ፣ የሚቀርብለትም ምግብ አልበላ ብሎት። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦር አዛዡን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሩ ጄኔራሉን ያዛቸውና እሱ የሚበላውን አበላቸው፤ እሱ የሚጠጣውን አጠጣቸው። የአብዮቱን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ከዚህ ማዕድ ይነሣሉ። ሪፖርት አልተነበበ፣ አልተጨበጨበ፤ ሰሃን ብቻ ቀረበ። ሽማግሌው ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ዕባጭ ያለበትን ኳሳችንን በዓይናቸው ተከተሉት፤ ኳሱ ወደ ግራ ተመትቶ ወደ ቀኝ ሄደ።

እኛ ወታደር አይደለንም፤ ማንንም የመያዝ ሐሳብ የለንም። ስለዚህ በመጨረሻው ጉባኤ እጄን አውጥቼ ያቀረብኩት ሐሳብ እጅግ ጨዋ ነበር፦ ኦቦ ሊቀመንበር በገዙልን ኳስ፣ ባመጡልን ማልያ፣ አንድ አጋማሽ አብረውን ቢጫወቱ። ሌላ ምንም፤ ደረሰኝም አልጠየቅሁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሊያጨበጭብ ጀምሮ ተወው።

ኦቦ ሊቀመንበር ፈገግ አሉ፤ ሱሪያቸውን በጣታቸው ሳብ አድርገው ጉልበታቸውን አሳዩን። ሜዳ ሊያዩ ያቤሎ የሄዱ ጊዜ ወለም ብሏቸው እስካሁን እንዳልዳነ፣ ሐኪምም ኳስ እንዳይነኩ እንደከለከላቸው አስረዱን። አዘንን። የሕክምናው ወጪ የት እንደተመዘገበ ጠያቂ አልነበረም፤ ሻይና ሳምቡሳው ቀርቦ ነበር።