አዲስ የተሠራ ድሮ

ዳኛው ዳኛ አልነበረም። ሽማግሌም አልነበረም። ጆርጅ ሄይ በሬዲዮ ራሱን «ኮስታራው ሽማግሌ ዳኛ» እያለ ሲያስተዋውቅ ገና 30 ዓመቱ ነበር፤ ከፍርድ ቤት ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር ሜምፊስ ላይ ጋዜጠኛ ሳለ ስለ ችሎት ይጽፋቸው የነበሩ ቀልዶች ናቸው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 1925፣ ቅዳሜ ማታ፣ በአሜሪካ፣ ቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ በሚገኘው ደብልዩ ኤስ ኤም ጣቢያ አንድ የ77 ዓመት አዛውንት ከነቫዮሊናቸው ማይክሮፎን ፊት አስቀመጠ። አንክል ጂሚ ቶምፕሰን ይባላሉ። አንድ ሰዓት ያህል ተጫውተው ሲያበቁ ገና መሟሟቃቸው እንደሆነ ተናገሩ ይባላል። ያን ሰሞን የተጀመረው የካንትሪ ሙዚቃ ፕሮግራም ግራንድ ኦል ኦፕሪ ተብሎ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ሁሉ ድሮ ውስጥ ግን የእውነት ድሮ የነበሩት እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

አጎቴ ናሽቪል ውስጥ ታክሲ ይነዳል፤ ሬዲዮው የዚሁ ጣቢያ ሞገድ 650 ላይ ውሎ 650 ላይ ያድራል። ተሳፋሪ ጣቢያ እንዲቀይርለት ከጠየቀው «ቁልፉ ተበላሽቷል» ይላል። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዝኛ የተማረው ከካንትሪ ዘፋኙ ከጂም ሪቭስ ካሴት ስለሆነ ንግግሩ ሁሉ ስንብት ስንብት ይላል። ደንበኛ ኤርፖርት አውርዶ ደህና ሁን ሲለው ሰውየው ጉዞውን መሰረዝ ይዳዳዋል።

«ይኸውልህ የድሮ ሰው!» ይለኛል ባንጆው ሲጀምር። «ማስመሰል የለ፣ መሽኮርመም የለ። ከእርሻው ተነሣ፣ እጁን ታጠበ፣ መሣሪያውን ይዞ መጣ። በቃ!»

«ጋሼ፣ እጁንስ በደንብ ነው የታጠበው፤ ሐኪም ነበር» አልኩት አንድ ቀን።

ያልኩት ስለ ዶክተር ሃምፍሪ ቤይት ነው። ቫንደርቢልት የተማረ ሐኪም፣ ሳምንቱን በሽተኛ ሲያክም ሰንብቶ ቅዳሜ ማታ ሃርሞኒካ የሚነፋ ሰው። እሱና ጓደኞቹ መጀመሪያ ሰሞን ወደ ጣቢያው የሚመጡት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ነበር። ሄይ ግን እንዲህ ያለ ገበሬ አልተመቸውም። ቱታ አለበሳቸው፣ የገለባ ባርኔጣ ደፋላቸው፣ ለባንዱም «ፖሰም አዳኞቹ» የሚል ስም አወጣለት። ፖሰም ማለት ዛፍ ላይ የምትወጣ፣ በሌሊት የምትዞር፣ አይጥ መሳይ አውሬ ናት። ዶክተሩ ይህን ስም ክሊኒኩ በር ላይ መለጠፉን እጠራጠራለሁ። ሌሎቹም ባንዶች አልቀረላቸውም፤ አንዱ ቦይ ዘላይ ተባለ፣ ሌላው የቤት አረቄ ከሚቀዳበት የብርጭቆ ማሰሮ ጠጪ። ያውም በአገሪቱ ሙሉ መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን!

ሚኒ ፐርልም ነበረች፤ የ1 ዶላር ከ98 ሳንቲም ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ከባርኔጣዋ ላይ ተንጠልጥሎ መድረክ ላይ የምትወጣው የገጠር ኮረዳ። እሷም የደህና ቤተሰብ ልጅ፣ ጥሩ ኮሌጅ ገብታ ቴአትር የተማረች እመቤት ናት። አጎቴ ይህን ሲሰማ ለአፍታ ዝም አለ። የከፋው ስለ ኮሌጁ ሳይሆን ወረቀቱ ሆን ተብሎ የቀረ መሆኑ ነው፤ የራሱ ኮፍያ ላይ ያለው ተለጣፊ እስከ ዛሬ ያልተነሣው በቁምነገር ነውና።

እኔ ግን ሄይን ለመውቀስ አቅም የለኝም። ከከተማችን የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአንዱ መሲንቆ የሚጫወት ልጅ አለ። በጂንስ ሱሪ ይመጣል፣ መኪናውን ያቆማል፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ገብቶ እጀ ጠባብና ጋቢ ለብሶ ሲወጣ ዛሬ ከጎንደር ገጠር የገባ ይመስላል። የካዛንቺስ ልጅ ነው። በሬ የሚያውቀው ሉካንዳ ውስጥ ተሰቅሎ ነው። ታዲያ ግጥም ሲያወርድ ግንባሩ ላይ ሃያ ዶላር የሚለጥፈው ማን ነው? አጎቴ። ዓይኑ እንባ የሚያቀርረውስ? እሱው። በከረባት ቢጫወትለት አምስት ዶላርም የሚሰጠው አይመስለኝም፤ እኔም እንደዚያው።

ከሁሉ የምወደው ግን የገንዘቡን ነገር ነው። ጣቢያው የኢንሹራንስ ኩባንያ ንብረት ነበር። ደብልዩ፣ ኤስ፣ ኤም የሚሉት ሦስት ፊደላት ራሳቸው «ሚሊዮኖችን እንጠብቃለን» ከሚለው የኩባንያው መፈክር የተወሰዱ ናቸው። አሁን አስቡት። ዘፋኙ እናቱ እንዴት እንደሞተች ያወርዳል። ቀጥሎ ባቡር ይገለበጣል። ቀጥሎ ሕፃን ልጅ ታሞ ይተኛል። ከዚያ አንድ ለስላሳ ድምፅ መጥቶ ስለ ሕይወት ዋስትና ያወራል! በማግስቱ የኩባንያው ሠራተኛ በር ሲያንኳኳ ቅዳሜ ማታ ያለቀሰ ቤተሰብ ምን ብሎ ይመልሰዋል? በ1932 ጣቢያው ኃይሉን ወደ 50,000 ዋት ሲያሳድግ ደግሞ ለቅሶው ከቴነሲ አልፎ ሄደ። ማታ ማታ የዚህ ዓይነቱ ሞገድ ሰማይ ላይ ነጥሮ ሩቅ ስለሚያርፍ፣ ብዙ ክፍለ ግዛት ወዲያ ያለ ገበሬም በባትሪ ሬዲዮው ያዳምጠው ጀመር። እኛ አገር አልቃሽ ተከፍሏት የምታለቅሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ እነዚህ አስቀድመው አስለቅሰው አስከፈሉ።

አንድ ሰው ላይ ስደርስ ግን ቀልዴ ይቆማል። ዲፎርድ ቤይሊ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት አልጋ ላይ ሳለ ሃርሞኒካ የተማረ፣ በዚያች ጣት በምታህል መሣሪያ ሙሉ ባቡር ከነፉጨቱ የሚያስገባ። በ1927 አንድ ማታ ከኒው ዮርክ የሚተላለፍ የክላሲካል ሙዚቃ ፕሮግራም አልቆ የናሽቪሉ ሲቀጥል፣ ሄይ በእነዚያ የኦፔራ ሰዎች ላይ ለማሾፍ ቤይሊን ባቡሩን እንዲያስነሣ ጋበዘው። ኦፔራን «ኦፕሪ» ያለው የፕሮግራሙ ስም የወጣው ከዚያ ምሽት ቀልድ ነው። አድማጩ ወደደው፤ ሲዞር ግን ሆቴል የሚያሳድረው ያጣ ነበር። በ1941 አሰናበቱት፤ ከዚያ በኋላ ኑሮውን የገፋው ናሽቪል ውስጥ ጫማ እየጠረገ ነው። የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ያስታወሰው በ2005 ነው፣ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ። ስለ ድሮ እንዲህ የሚያለቅስ ፕሮግራም የገዛ ድሮውን ለማስታወስ ይህን ያህል መዘግየቱ ይገርመኛል።

በ1974 ፕሮግራሙ ለ31 ዓመት ከኖረበት የራይማን አዳራሽ ወጥቶ ወደ አዲስ ቤት ሲገባ፣ ከአሮጌው መድረክ ክብ እንጨት ቆርጠው አዲሱ መሐል ገጠሙት። ዘፋኝ ሁሉ እዚያች ክብ ላይ መቆም ይመኛል። ራይማን ሲሠራ የጸሎት ቤት ስለነበር ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም፣ አጎቴ ሊጎበኝ ሄዶ ክቧ አጠገብ ሲደርስ ጫማውን ሊያወልቅ ቃጥቶት ነበር።

ከድሮ ካንትሪ ፕሮግራም ደግሞ የዱቄት ማስታወቂያ ብዙም አይጠፋም። አጎቴ ባንጆው ካጀበው ምንም ነገር ይገዛል፤ ባለፈው ማኅበር እሱ ቤት ሲደርስ አንድ ትልቅ ከረጢት ይዞ ገባ። ቤኪንግ ፓውደሩ ከውስጡ የተቀላቀለበት፣ እርሾ የማያስፈልገው ዱቄት ነው። ይህ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል። ሚስቱ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ድፎ ስትደፋ ከረጢት አንብባ አታውቅም፤ እንደ ልማዷ እርሾዋን ጨመረች። ሊጡ ዕቃውን ሞላ፣ ክዳኑን ገፋ፣ ምድጃው ውስጥ ገብቶም ጣራውን ነካ። ሲወጣ እንደ ባርኔጣ ተቆልሎ ነበር።

ማኅበርተኛው ጠበሉን ቀምሶ ዓይኑን ዳቦው ላይ ጣለ። «ምነው፣ ድፎው ዛሬ ኮራሳ?» አለ አንዱ። የአጎቴ ሚስት አንገቷን ደፋች። አጎቴ ግን ድምፁን ጎርነን አድርጎ፣ «የድሮ አሠራር ነው» አለ።

ጥግ የተቀመጡት አንዲት እናት አንድ ቁራሽ አላምጠው ዋጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነትህን ነው ልጄ፤ እናቴ ልክ እንዲህ ነበር የምትጋግረው። ዛሬ ማን ይችልበታል!»