ገና 39 ይቀራል

ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ የማያውቅ ሰው ጌም ቦይ ተጫወትኩ ቢለኝ አላምነውም። በእጅ የሚያዘው ይህ የጨዋታ መሣሪያ አራት ቀጫጭን ድንጋይ ይጎርሳል። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ከስክሪኑ ጎን ያለችው ቀይ መብራት እየፈዘዘች ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ አውጥቶ መስኮት ላይ መደርደር ነው። ለበዓል ከእናቱ ጋር ከአሜሪካ የመጣው የእህቴ ልጅ ይህን ሲያይ ሳቀብኝ። «አጎቴ፣ እንደሱ አይሞላም እኮ!» ባይሞላም ለጥቂት ደቂቃ ነፍስ ይዘራል። ሬዲዮ በዚህ ዘዴ ያዳመጠ ትውልድ በሳይንስ አይገሠጽም።

ጌም ቦዩ የልጁ አባት የልጅነት ንብረት ነው። ልጁ ራሱ ዞር ብሎም አያየውም፤ ቀለም የሌለው ነገር ያመዋል። እነሱ ሲመለሱ መሣሪያው እዚሁ እኔ ጋ ቀረ። እንዴት እንደቀረ እህቴ እስከ ዛሬ በስልክ ትጠይቀኛለች።

ውስጡ የተሰካው ጨዋታ «ሜትሮይድ 2፦ ሪተርን ኦቭ ሳሙስ» ይባላል። በ1986 እ.ኤ.አ. የጀመረው የ«ሜትሮይድ» ተከታይ ሲሆን ኒንቴንዶ አሜሪካ ውስጥ ያወጣው በ1991 ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ሳሙስ አራን የምትባል፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍሯ ብረት የለበሰች፣ እየተከፈላት ወንጀለኛ የምታድን ሴት ኤስአር388 ወደምትባል ፕላኔት ትላካለች። ትእዛዙም እዚያ ያሉትን ሜትሮይዶች ዘር እንዳይተርፍ አድርገሽ ጨርሺ የሚል ነው። ሜትሮይድ ሰው ላይ ተለጥፎ ነፍሱን የሚመጥ ፍጡር ነው። ለመስክ ሥራዋ አበል ይከፈላት አይከፈላት ጨዋታው አይናገርም።

ከስክሪኑ ግርጌ፣ በቀኝ በኩል፣ አንድ ቁጥር ተቀምጧል፦ 39። የቀሩት ሜትሮይዶች ብዛት ነው። አንዱን ሲገድሉ 38 ይላል። ዕድሜዬን መሥሪያ ቤት ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝና ዕቅድና አፈጻጸም ያለ አንዳች ማብራሪያ በአንድ ቁጥር ተጽፎ ሳየው ልቤ ነው የረካው። ሜትሮይዶቹም የደረጃ እድገት አላቸው። ቅርፊታቸውን እየጣሉ ከአልፋ ወደ ጋማ፣ ከጋማ ወደ ዜታ፣ ከዚያም ወደ ኦሜጋ ያድጋሉ፤ በየደረጃው ጥርስም ጉልበትም ይጨምራሉ። በመንገድ ላይ ባዶ ቅርፊት ወድቆ ካገኛችሁ ባለቤቱ ተሹሞ አካባቢው ላይ አለ ማለት ነው።

የአንዱ አካባቢ ድርሻ ሲያልቅ ምድር ትንቀጠቀጣለች፤ መንገዱን የዘጋው የሚያቃጥል ፈሳሽም ዝቅ ይልና ወደታች ያስወርዳል። አንድ እንኳ ከቀረ ግን ፈሳሹ ንቅንቅ አይልም። ችግሩ ያን አንድ ማግኘቱ ላይ ነው። ጨዋታው ካርታ የለውም!

የመንገድ ስም ሳያውቅ አዲስ አበባ ላይ ያረጀ ሰው ካርታ ቢያጣ ምን ይሆናል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር የገባሁት። ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊው በር ሳይደርሱ ወደ ቀኝ። ኤስአር388 ላይ ግን ዳቦ ቤት የለም፤ ሰማያዊ የሚባል ነገርም የለም። ያለው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም ሁሉ ያው ነው። «ይቅርታ ወንድሜ» ብሎ የሚጠየቅ አላፊ አግዳሚ የለም፤ ያገኛችሁት ሁሉ ይነክሳል። በዚያ ላይ ስክሪኑ ትንሽ፣ ሳሙስ ደግሞ በትልቁ ስለተሣለች ከፊቷ ሁለት እርምጃ የራቀው አይታይም። ስለዚህ ካሬ ደብተር ገዝቼ በእርሳስ መንደፍ ጀመርኩ። ዋሻውን፣ ጉድጓዱን፣ ሚሳይል የሚሞላበትን ሁሉ ምልክት አደረግኩበት። ባለቤቴ አንድ ቀን ደብተሩን አገኘችውና ፊቷ በራ። «የየት አካባቢ ፕላን ነው? ተሳካልህ እንዴ?» ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አኮረፈች።

ስፓይደር ቦል የሚባለው ነገር ከተገኘ በኋላ ሥራው ትንሽ ይቀልላል። ሳሙስ ተጠቅልላ ኳስ ትሆናለች፤ ወደታች ሲጫኑ ግድግዳው ላይ ትጣበቅና እየተንከባለለች ጣሪያ ለጣሪያ ትሄዳለች፤ ቀስ ብላ ነው ታዲያ። ሙሉ ገደል ወጥታ ጫፉ ላይ ልትደርስ ስትል አንድ እዚህ ግባ የማይባል ነፍሳት ይነካትና ዱብ! እንደገና ከታች።

የመሣሪያው አባት ጉንፔይ ዮኮይ ይባላል። በ1965 ኒንቴንዶ የገባው ካርታ የሚያትሙትን ማሽኖች ሊጠብቅ ነው። የመጫወቻ ካርታ ማለቴ ነው፤ የእኔን ችግር የሚፈታውን አይደለም። እምነቱ ርካሽና የተለመደ ቴክኖሎጂ ወስዶ አዲስ ጨዋታ ማውጣት ነበር። ተፎካካሪዎቹ አታሪ ሊንክስና ሴጋ ጌም ጊር ቀለምም መብራትም ነበራቸው፤ ስድስት ስድስት ድንጋይ ግን እምሽክ ያደርጉ ነበር። ጌም ቦይ በአራት ዓይነት ግራጫ ረታቸው። «ሜትሮይድ 2»ም ፕሮዲውሰሩ ራሱ ዮኮይ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ሳሙስ ቫሪያ የተባለውን ልብስ ስታገኝ ቀለሟ ይቀየር ነበር። ቀለም በሌለበት ምን ይደረግ? ትከሻዋ ላይ ሁለት ትልልቅ ኳስ የሚያህል ብረት ጫኑባት። ኋላ ባለቀለም መሣሪያ ላይ ስትመጣም ትከሻው አብሯት ቀረ፤ ዛሬ ሳሙስ የምትታወቀው በእሱ ነው። እኔ ለዚህ ዓይነቱ ድህነት ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ስክሪኑ መብራት የሌለው መሆኑን ግን ይቅር አልለውም። ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑም ኢንተርኔቱም ሲሞት ጌም ቦዬ ይሠራል፤ ሙዚቃው ይሰማኛል፤ የሚታየኝ ግን የለም። በሻማ ሞከርኩት። ቅንድብ ያስከፍላል።

ጨዋታው ከ30 ዓመት በላይ ስለሆነው ምስጢር አወጣህ አትበሉኝ። ቁጥሩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ 1 ላይ ደረሰ፤ የቀረችው ንግሥቲቱ ብቻ ናት። ሪፖርቴን ላቀርብ ስል ዓይኔ እያየ ወደ 9 ዘለለ! ስምንት ተጨማሪ፣ ያለ ደብዳቤ። ዕቅድ በመጨረሻው ወር የሚከለሰው እኛ መሥሪያ ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እነሱንም ንግሥቲቱንም ጨርሼ ስወጣ አንድ እንቁላል ተፈለፈለ። ጫጩቷ ሜትሮይድ ሳሙስን እናቴ ብላ ተከተለቻት፤ መንገዱን የዘጉትን ድንጋዮችም እየበላች ወደ መርከቧ አደረሰቻት። ሳሙስም አልተኮሰችባትም። የእህቴ ልጅ በ2017 ለ3ዲኤስ በአዲስ መልክ የተሠራውን ተጫወት፣ ቀለምም ካርታም አለው ይለኛል። ለቸኮለ ሰው ጥሩ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው የጫጩቷን ነገር ነው፤ እሱ የሚነገረው በ1994 በወጣው «ሱፐር ሜትሮይድ» ላይ ነው፤ «ሱፐር ሜትሮይድ» ደግሞ ጌም ቦይ ላይ አይሠራም።