ሳይነካ ለሚጠበቀው ቅርስ የቀረበ ምስጋና

የድሬዳዋን አሮጌ የባቡር ሰፈር፣ ከዚራን፣ እጃቸውን በኖራና በሲሚንቶ ሳያሳድፉ ጠብቀው ላቆዩልን፣ ወደፊትም በዚሁ ንጹሕ እጅ እንደሚያቆዩልን ቅንጣት ለማልጠራጠርባቸው የሚመለከታቸው አካላት በሙሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ምስጋናዬን ሳቀርብ ሲቃ ይተናነቀኛል።

ትዕግሥት የዚህች ከተማ የትውልድ ጸጋዋ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ሐረር ድረስ ሽቅብ መውጣቱ ወጪው ከበደና እዚያው ቆመ፤ ድሬዳዋም በቆመበት ተወለደች። የባቡር ኩባንያው ገንዘብ ጨርሶ ወደቀ፣ ሌላ ተተካ፣ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነበር። ጅምርን መታገሥ እንግዲህ በመሠረቷ የተቀበረ ጥበብ ነው፤ የዛሬዎቹ አሳዳሪዎቿም ከዚህ የአባቶች ውርስ ንቅንቅ አላሉም።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የሕጉ ረቂቅነት ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ መጠገን የሚሻ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ከከዚራ አሮጌ ቤቶች በአንዱ የሚኖር፣ ጣሪያው ያፈሰሰበት ሰው መሰላል ከማቆሙ በፊት ማመልከቻ ይጽፋል፤ ማመልከቻው ወደ ባለሙያ ይመራል፤ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው፤ ከስብሰባው ሲመለስ ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል ተመርቷል፤ ሌላው ክፍል በበኩሉ፣ አደራ ከባድ ነውና፣ «በጥናት ላይ ነው» የሚል በሁለት ማኅተም ያጌጠ ደብዳቤ ይሰጠዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን በቅርሱ ላይ አንዲት ሚስማር እንኳ ያለ አግባብ አልተመታችም! ዝናብና ምስጥ ግን ማመልከቻ የማስገባት ግዴታ ስለሌለባቸው የበኩላቸውን ድርሻ ያለ አንዳች እንግልት እየተወጡ ይገኛሉ። ይህን ያህል ፍትሐዊ አሠራር የትም አላየሁም።

ወደ አሮጌው የባቡር ጥገና ዎርክሾፕ ዝለቁማ። የኩባንያው ፈረንሳዮች ያመጧቸው ቶርኖዎች በየቦታቸው ናቸው፤ ፉርጎዎቹ ከቆሙበት አንድ ስንዝር አልተነቃነቁም፤ ይህን ያህል ሰዓት አክባሪ ባቡር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። የማሽኖቹን ጠባይ የሚያውቀው ሙያ ደግሞ እንደ ተራ ሰነድ በወረቀት ተጽፎ ለአይጥ አልተጋለጠም፤ በጡረተኞች ጭንቅላት ውስጥ በክብር ተቀምጧል። እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል፤ ማንም አይሰርቀውም።

ሐዲዱስ? 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝም የነበረው የአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ በየመንገዱ እየተነቀለ ለቁራሌው ሲደርስ፣ አንዳንድ ችኩል ሰዎች «ተዘረፈ» ብለው ጮኸዋል። እኔ ግን ይህን የቅርስ ተደራሽነት እለዋለሁ። ሙዚየም ቅርስን በአዳራሽ አስሮ ቲኬት ያስቆርጣል፤ እኛ ሕዝቡ ዘንድ አድርሰነዋል። ያ ብረት ዛሬ የማን ቤት ምሰሶ፣ የማን በረት አጥር እንደሆነ አንድዬ ይወቀው።

ጣልያኖች ክሬስፒ ዳዳ የተባለችውን የጥጥ ፋብሪካ መንደራቸውን እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ መዝገብ አስፍረዋል። በሠራተኞቹ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖራል፤ አጥሩ ይቀባል፤ ጎብኚ ይርመሰመሳል። ምን ዓይነት አድካሚ ኑሮ ነው? የእኛዎቹ ስለ ጥገና በሆቴል አዳራሽ ይመካከራሉ፤ ባነሩ ይሰቀላል፤ ሻይና ኩኪስ ይቀርባል፤ የአቋም መግለጫ ይነበባል፤ የጋራ ፎቶ ይነሣል። ሕንጻው በዚህ ሁሉ አልተረበሸም። ሥዕሉ ግን በባነሩ ላይ ሁሌም አዲስ ነው፤ ቀለሙም አይለቅም፤ እንዲያውም ከሕንጻው ይልቅ ባነሩን ለልጅ ልጅ ብናወርስ ወጪው በእጅጉ ይቀንስ ነበር እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡርም ክብር ይገባዋል። የአሮጌውን ጣቢያ ዕረፍት እንዳያውክ ብሎ ከከተማው ውጭ ነው የሚቆመው፤ ተሳፋሪውም ሻንጣውን ታቅፎ በባጃጅ ገስግሶ፣ በከተማይቱ እምብርት የተቀመጠውን ጣቢያ በሩቁ ተሰናብቶ ይሄዳል። ባቡርን ከባቡር ከተማ የማራራቅ ይህ የላቀ ጨዋነት ተገቢውን ሽልማት እስካሁን አለማግኘቱ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ወደ ድሬ የምትወርዱ አንባብያን፣ ለጉብኝት ስትሄዱ የድጋፍ ደብዳቤ መያዝ አትርሱ፤ ደብዳቤውም ላይ ማኅተሙ በደንብ ይታይ። የአሮጌውን ጣቢያ በር ተቆልፎ ካገኛችሁት አታንኳኩ። ጥበቃው በሥራ ላይ ነው።