ቬስፓዬና የሂልተን ዳገት

ከመስቀል አደባባይ በኢሲኤ በኩል ወደ ሂልተን የሚወጣውን ዳገት በመኪና የሚያልፍ ሰው ልብ አይለውም። በአሮጌ ቬስፓ የሚወጣ ግን እያንዳንዷን ክንድ ያውቃታል። አምና መስከረም ላይ ያቺ ከአባቴ የቀረችልኝ 150 ሲሲ ቬስፓ ዳገቱ ወገብ ላይ ትንፋሿ አጠረ። ከሦስተኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ አወረድኳት። ጥቁር ጭስ ለቀቀች፣ አጓራች፣ ቆመች። የቀረውን መንገድ እየገፋሁ ካዛንቺስ ደረስኩ።

ወደ ወሎ ሰፈር ስመለስ ለአንድ ወጣት ሜካኒክ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ክራንኩን እናስቆርጠው» አለኝ። የምነግራችሁ ሁሉ የጀመረው ከዚች ቃል ነው።

ልጁ ያለ ነገር አልተናገረም። በዚህ ዓይነቱ የቬስፓ ሞተር ላይ የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ የሚያስገባ ለብቻው የቆመ ቫልቭ የለም። ሥራውን የሚሠራው ራሱ ክራንክ ሻፍቱ ነው። እንደ ወፍራም ሳህን የሆነው አንዱ ጎኑ ሲዞር የመግቢያውን ቀዳዳ ይከድነዋል፤ ከጠርዙ የጎደለው ቦታ ሲደርስ ደግሞ ይከፍተዋል። ያንን ጉድለት ጥቂት ሚሊሜትር ቢያሰፉት ቀዳዳው ቀድሞ ይከፈታል፣ ወይም ዘግይቶ ይዘጋል፤ ሞተሩም በፍጥነት ሲዞር የበለጠ ይስባል። ሌላ አገር ያሉ የቬስፓ ወዳጆች ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። እኔም ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ጠዋት ተስማማሁ።

ሞተሩ ተከፈተ። ልጁ የሚቆረጠውን ቦታ ለማየት በሹል ብረት አንዲት ቀጭን መስመር ጫረበት። ክራንኩ ግን ከቤቱ አልወጣ አለ። መሳቢያ መሣሪያ አልነበረንም፤ መዶሻ ነበር። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ ተመታ። ወጣ።

እዚህ ላይ ልቆም። የቬስፓ ክራንክ ከአንድ ብረት የተቀረጸ አይደለም። ሁለት ጎኖቹ በአንድ ወፍራም ፒን ላይ በከባድ ኃይል ተጨምቀው የተገጠሙ ናቸው። ጫፉን በመዶሻ ሲመቱት ሁለቱ ጎኖች እርስ በርስ ይጣመማሉ። ዓይን አያየውም፤ የሚያውቀው ኩሽኔታው ነው። እኛም አላየነውም። ቶርኖ ቤት ይዘነው ልንሄድ ስንል አንድ ሰው እንዲያዩት ፈለግሁ።

እኚህ ሰው የአባቴ ሜካኒክ ነበሩ። ጋራዣቸው ካዛንቺስ ነበር፤ በ2017 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ዕቃቸውን ጭነው ወሎ ሰፈር ዘመድ ግቢ ገቡ። የካዛንቺስ ስም ራሱ የጣሊያን ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከሚባል ተቋም የመጣ፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን የምንለውም ከዚያው ቋንቋ ነው። ቬስፓ ደግሞ ተርብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ጣሊያን ውስጥ ፖንቴዴራ ላይ ፒያጆ ኩባንያ ያወጣት፣ የአውሮፕላን መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የነደፋት ተርብ።

ሰውየው ክራንኩን ብርሃን ላይ አዞሩትና ጭረቷን አዩ።

«አባትህ ሲነዳት ያንን ዳገት ትወጣ ነበር?»

«ትወጣ ነበር፣ ጋሼ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሆነን አክስቴ ቤት ስንሄድ።»

«ክራንኩ ያኔም ይኸው ነው፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ምን ቀየርክ?»

አሰብኩ። ካርቡራተሩን! አሮጌው ሲያፈስ ከሶማሌ ተራ ሌላ ገዝቼ እንዳለ ገጥሜው ነበር። ቤንዚኑን የምታሳልፈውን ትንሿን ናስ ፈትተው ቁጥሯን አነበቡ፤ 102። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ነው። ፋብሪካው የመረጠው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ላላለ አገር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበት ይጠፋል። አባቴ የአሮጌውን ካርቡራተር ናስ ለዚህ አገር አየር አስመርጦት ኖሯል። እኔ ሳላውቅ ወደ ፋብሪካው ልክ መለስኩት።

ክራንኩን ብንቆርጠው ኖሮ ነገሩ ይብስ ነበር። ቀዳዳው ዘግይቶ ሲዘጋ ፒስተኑ ወደ ታች መውረድ ይጀምርና የገባውን ድብልቅ በካርቡራተሩ በኩል መልሶ ይተፋዋል፤ ይህም የሚሆነው ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ማለትም ዳገት ላይ ነው። ለሜዳ ሩጫ የሚያገለግል ቆረጣ ለሂልተን ዳገት አይሆንም። ደግሞ ብረት አንዴ ከተቆረጠ የሚመልሰው የለም፤ ናስ ግን በአምስት ደቂቃ ይቀየራል።

ለመዶሻው ግን ከፈልኩ። አንድ የቶርኖ ባለሙያ ክራንኩን በሁለት ሹል ጫፎች መካከል አቁሞ፣ በመለኪያ እያየ፣ በመዳብ መዶሻ እየነካካ ሁለት ቀን ሙሉ አቃናው። ኩሽኔታዎቹን በአዲስ ቀየርን። ናሷን 96 አደረግናት።

አሮጌ ቬስፓ ያላችሁ፣ ክራንካችሁን ማንም በመዶሻ እንዳያወጣው፤ መሳቢያውን ተውሳችሁም ቢሆን አምጡ። የእኔዋ አሁን ያንን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለች። ልጁ የጫራት መስመር እስከ ዛሬ ሞተሩ ውስጥ አለች፤ ብረቱ አልተቆረጠም።