ለቆዳ ሱቅ ጊዜ አለ፣ ለኤፌሶን የለም

አሁንስ በዛ። ቤተሰብ ሰብስቦ፣ የቪዛውንም የትኬቱንም ጣጣ ጨርሶ ቱርክ የገባ ሰው፣ ጥንታዊ ከተማ ላይ ብሎ በከፈለው ገንዘብ ከሱቅ ሱቅ ሲነዳ የሚውለው እስከ መቼ ነው? ኢስታንቡል ለብዙዎቻችን የመገናኛ ከተማ ሆናለች። እናት ከአዲስ አበባ፣ ልጅ ከጀርመን፣ የልጅ ልጅ ከዚያው ከአባቱ ጋር ይመጡና እዚያ ይተቃቀፋሉ። ከዚያ "እዚህ ድረስ መጥተንማ ኤፌሶንን ሳናይ አንመለስም" ይባላል። ደርሶ ከመጣ ዘመድ ጋር ቡና ላይ ስንቀመጥ የሁላችንም ወሬ አንድ ነው፦ አዋከቡን፣ አዋከቡን፣ አዋከቡን።

ለእኛ ኤፌሶን ተራ ፍርስራሽ አይደለችም። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸው ሦስቱ ዓለም አቀፍ ጉባኤያት የተደረጉት ዛሬ ቱርክ በምንለው ምድር ነው። 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ፣ 150ው በቁስጥንጥንያ፣ 200ው በኤፌሶን ሲባል እየሰማን አድገናል። እ.ኤ.አ. በ431 ንስጥሮስ የተወገዘበት፣ እመቤታችን ወላዲተ አምላክ መባሏ የጸናበት ጉባኤ የተቀመጠው እዚያው ኤፌሶን፣ በእሷ ስም በሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። የቅዱስ ቄርሎስ ጽሑፎችና በዚያ ጉባኤ የተሰበኩ ስብከቶች በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ ተመልሰው፣ መጽሐፈ ቄርሎስ ተብለው እስከ ዛሬ በሊቃውንቱ ዘንድ ይተረጎማሉ። እናቴ ይህን ታሪክ በቃሏ ታውቀዋለች። ጉልበቷን እያመማት፣ ምርኩዟን ይዛ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ለሌላ ለምንም አልነበረም።

የመግቢያው ዋጋ ይሁን። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የውጭ አገር ሰው 40 ዩሮ ይከፍላል፤ ቤተሰብ ለያዘ ሰው ከባድ ቢሆንም ቅርስ ያለ ገንዘብ አይጠበቅም። የማይዋጥልኝ የጊዜው ነገር ነው። አውቶቡሱ ሰዉን ላይኛው በር ላይ ያራግፍና ታችኛው በር ሄዶ ይጠብቃል። በመካከሉ ያለው ቁልቁለት በእብነ በረድ የተነጠፈ፣ በስንት ዘመን እግር የለሰለሰ፣ ለጤነኛ ሰው እንኳ የሚያዳልጥ መንገድ ነው። በሐምሌ ቀትር ከላይ ፀሐዩ፣ ከታች ድንጋዩ ያቃጥላል። ደህና ጥላ ያለው ጣሪያ የተሠራላቸው የጥንት ባለጸጎች ቤቶች ውስጥ ነው፤ ግድግዳቸው ሥዕል፣ ወለላቸው ሞዛይክ ነው አሉ። እዚያ ለመግባት ግን ሌላ ክፍያ አለ፣ የእኛም ቡድን አልገባም። ኩሻዳሲ ወደብ ላይ ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች የቆሙ ዕለት ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። በየቋንቋው የሚጮኹ አስጎብኚዎች ባንዲራቸውን ከፍ አድርገው ይሮጣሉ፣ ሕዝቡ ከኋላ ይግተለተላል፣ እርጅና ያለበት ሰው መሀል ላይ ይገፈተራል። "እማዬ ደከመሽ? ትንሽ እንቀመጥ?" ብዬ ቀና ስል ባንዲራችን ታጥፎ ሄዷል።

ከሁሉ የሚያናድደው አስጎብኚው ጊዜ የሚያገኝለት ነገር ነው። መንገዱ ላይ አንድ እግር የተቀረጸበት ድንጋይ አለ። እዚያ ሲደርስ ቆመ፣ ሰዉን ሰበሰበ፣ ድምፁን ከፍ አደረገና ይህ የሴተኛ አዳሪ ቤት ማስታወቂያ ነው እያለ፣ እግሩ ልኩን ያልሞላ ወጣት አይገባም ነበር እያለ፣ አጠገቡ ካለው ቤተ መጻሕፍት ሥር ወደዚያ ቤት የተቆፈረ ዋሻ ነበር እያለ ሐተታውን አስረዘመው። እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ አጠገብ ለአጠገብ ቆመናል። ወንድሜ ልጁን ይዞ ራቅ አለ፤ እናቴ አንገቷን ደፋች። ሴተኛ አዳሪ ቤት ነው የሚባለው ሕንፃ እንኳ እንደዚያ መሆኑ በአርኪኦሎጂ ያልተረጋገጠ ነው። ወሬው ግን ያስቃልና በየዓመቱ ይደጋገማል። ከቤተሰብ ጋር የሄደ ሁሉ ይህን ውርደት ቀምሷል።

ያ የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት ግን ለልጅ የሚነገር ታሪክ ሞልቶታል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጋዮስ ዩልዮስ አኩዊላ የተባለ ልጅ ለአባቱ ለሴልሰስ መታሰቢያ ያሠራው ነው፤ አባትየው የተቀበረው እዚያው ከሕንፃው ሥር ነው። ልጅ በአባቱ መቃብር ላይ መጻሕፍት ቤት ሠራ ማለት ነው። ዛሬ የምናየውን የፊት ገጽ ደግሞ የኦስትሪያ አርኪኦሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወድቆ የነበረውን ድንጋይ ለቅመው መልሰው አቆሙት። ይህን የሚነግር ቢገኝ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙ ነበር። የተሰጠን ፎቶ ማንሻ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ለመነሣት ተሰለፍን። ልጆቹም ተስፋ ቆርጠው በየዓምዱ ላይ ከተኙት ድመቶች ጋር ቀሩ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ታላቁ ቲያትር ዘንድ ስንደርስ እናቴ ነቃ አለች። ብር ሠሪው ድሜጥሮስ የአርጤምስ ገበያዬ ሊዘጋ ነው ብሎ በጳውሎስ ትምህርት ላይ ሕዝቡን ባነሣሣ ጊዜ ከተማው ሁለት ሰዓት ያህል የጮኸበት ስፍራ ነው፤ የሐዋርያት ሥራ 19 ላይ ይገኛል። ቀና ብላ 25,000 ሰው ያህል ይይዝ የነበረውን የድንጋይ መቀመጫ አየችና አማተበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ሁለት መቶው ሊቃውንት የተቀመጡበትስ የቱ ጋ ነው ልጄ?" አለችኝ።

አስጎብኚውን ጠየቅሁት። የማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ሩቅ አይደለም። ከታችኛው በር አጠገብ፣ ከዋናው መንገድ ዘወር ብሎ፣ በጥንቱ ወደብ አቅጣጫ ነው ያለው። ረጅም የባዚሊካ ግድግዳ፣ የቤተ መቅደሱ ክብ ጀርባ፣ የመጠመቂያው ገንዳ እስከ ዛሬ ይታያል። መልሱ "ፕሮግራም ውስጥ የለም፣ አውቶቡሱ ይጠብቃል" ሆነ። እናቴ ናት፣ ከሩቅ አገር የመጣችው ለዚህ ነው ብዬ ለመንኩት። ሰዓቱን አሳየኝ። እሷም፣ "ተወው፣ ሰውየውን አታስቸግረው" ብላ ምርኩዟን አነሣች።

አውቶቡሱ ያቻኮለን ለምን ነበር? ለቆዳ ሱቅ። አዳራሽ ውስጥ አስቀመጡን፣ የፖም ሻይ ቀዱልን፣ ወጣቶች ጃኬት እየለበሱ በሙዚቃ ፊታችን ተመላለሱ። ከዚያ ሻጮቹ አንድ አንድ ሰው ተከፋፍለው ያዙን። አንዱ ከእናቴ ትከሻ ላይ ነጠላዋን አንሥቶ የበግ ቆዳ ካፖርት ሊያለብሳት ሲታገል ያየሁበትን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳውም። እዚያ ማንም ሰዓት አላሳየንም። አንድ ሰዓት አለፈ፣ አሁንም ተቀመጡ ይሉናል። ጉብኝቱ በርካሽ የሚሸጠው ሱቁ ለአስጎብኚ ድርጅቱ ስለሚከፍል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እንግዲያው ሲሸጡልን ይንገሩን፤ ይህን ያህል ጊዜ ሱቅ ነው፣ ይህን ያህል ጊዜ ኤፌሶን ነው ይበሉ፤ የፈለገ ጨምሮ ይክፈልና ቦታውን ይይ።

የሄድንበት የቱርኮች ሙቅ መታጠቢያ ቤት፣ ሐማሙም፣ ከዚህ አልተሻለም። እናቴ እሺ ያለችው ፍል ውኃ ለጉልበቷ ይስማማት ስለነበር ነው። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ፣ "ለቤተሰብ የሚሆን አለ" ብሎ ደውሎ አስያዘልን። ስንደርስ ወንድና ሴቱ አንድ ላይ በሽርጥ ተጋድሟል፣ አሻሾቹም ሁሉ ወንዶች ናቸው። እናቴ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። "የባህሉ ሥርዓት ነው" ብለው ሊያሳምኑን ሞከሩ። እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም! የሐማም ወግ ወንድና ሴትን መለየት ነው። ወይ ሁለት ክፍል ሆኖ ይሠራል፣ ወይ ቀንና ሰዓት ይከፈላል። ኢስታንቡል ያለው የቼምበርሊታሽ ሐማም እ.ኤ.አ. በ1584 በሚማር ሲናን ንድፍ ሲሠራ ለየብቻ ሁለት ክፍል ነበረው። ሴትን የምታሸው ሴት ናት። እናቶች ምግብ ቋጥረው የሚውሉበት፣ ለልጃቸው ሚስት የሚያጩበት ቦታ ነበር። ወንዱን ከሴቱ የደባለቀው የቱሪስት ገበያው ነው። እናቴ ያከበረችው የሐማሙን የራሱን ወግ ነበር፤ እንደ ኋላ ቀር የታየችው ግን እሷ ናት።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንዲት ሴት ተጠርታ መጣች። እሷም ቸኩላለች። ሰው መጀመሪያ በሞቀው እብነ በረድ ላይ ተጋድሞ፣ ላቡ ወጥቶ፣ ቆዳው ሲለሰልስ ነው ሻካራው ጓንት እድፉን እያጠቀለለ የሚያወርደው። እናቴ ገና ሰውነቷ ሳይሞቅ ተፈገፈገች፤ ክንዷ ቀልቶ ወጣች። ጓንቱ፣ አረፋው፣ በጣሳ የሚደፋው ውኃ፣ ሁሉም በጥድፊያ አለቀ። ገና ውኃው ከፀጉራችን ሲንጠባጠብ፣ "የዘይት መታሸት ትፈልጋላችሁ? የፊት ጭቃስ?" እያሉ የዋጋ ወረቀት አቀረቡልን። በሩ ላይ ደግሞ የጉርሻ ሣጥን ተዘርግቶ ይጠብቅ ነበር።

ማታ ከሆቴሉ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጠን ይህን ስናወጋ ባለቤቱ ገረመው። ከዚያ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የሰፈሩ ሰው የሚታጠብበት ሐማም አለ፣ ለሴቶች የተለየ ቀን አለው፣ የሚያሹትም ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ዋጋውም ከግማሽ በታች ነው አለን። የሴቶቹ ቀን በማግሥቱ ነበር። ሆቴሎቹ ለምን እዚያ አይልኩም ብዬ ስጠይቀው፣ "ኮሚሽን አይከፍልማ" አለኝ። የእኛ አውሮፕላን በማግሥቱ ማለዳ ነበር።